እውነት ወይስ ተረት? ቅጠል ሲረግፍ ችግኝ መትከል

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ወገናችን አካፋ የሚያነሣው በአገር ቤት ልማድ ነው። የደረቀ ችግኝ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሣ።

«ቅጠል እየረገፈ ችግኝ አይተከልም፤ ብርዱ ይገድለዋል።»

ተረት ነው። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ከላይ ያርፋል እንጂ ሥሩ ሥራ ላይ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም አፈሩ የሰመሩን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ሥር ያድጋል። እዚያ አዲስ ችግኝን አብዝቶ የሚጎዳው የጁላይ ሐሩር ነው። ሜይ ላይ የተተከለው ሥር ሳይሰድ ሐሩሩ ይደርስበታል። በጥቅምትና በኅዳር የተተከለው ግን ያንኑ ሐሩር ሥሩን ዘርግቶ ይጠብቀዋል።

አገር ቤት ሐምሌ ላይ የምንተክለውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ዝናቡ ሳያባራ ሥር ይዞ የበጋውን ድርቀት እንዲችል። መስከረም ላይ ዘግይቶ የተተከለ ችግኝ ጥር ላይ ሲጠወልግ አይተናል። ሕጉ አንድ ነው። ችግኙ የሚፈተንበት ወር ብቻ ነው የሚለየው፤ በአንዱ አገር ጥር፣ በሌላው ጁላይ።

ይህ ግን ለሁሉም ዛፍ አይሠራም። በለስና ሮማን ብርድ ስለሚፈሩ ስፕሪንግን ቢጠብቁ ይሻላል። ጥድና መሰሎቹ ደግሞ በብርዱ ወራትም በቅጠላቸው ውሃ ስለሚያጡ ቀደም ብለው፣ ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ይተከሉ።

«ሣር የሚዘራው ስፕሪንግ ላይ ነው።»

እንደ ሣሩ ዓይነት ነው። ሰርዶን የመሰለ ሙቀት ወዳድ ሣር አዎ፣ ስፕሪንጉ ሊያልቅ ሲል ይዘራል። በዚያ አካባቢ የተለመደው ቶል ፌስኪው ግን ቅዝቃዜ ወዳድ ነው፤ ጊዜው ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ በእኛ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ስፕሪንግ ላይ ቢዘራ ክራብግራስ የሚሉት አረም አብሮት በቅሎ ያንቀዋል። ይህ አረም ውርጭ ሲነካው ስለሚሞት፣ ከሴፕቴምበር በኋላ ሜዳው ለሣሩ ይቀራል። ለ100 ካሬ ሜትር ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ዘር ይበቃል። አፈሩ በሬክ ይጫር፣ ዘሩ ከአፈር ጋር ይነካካ፣ እስኪበቅል ድረስ ላዩ አይድረቅ።

«ጉድጓዱ በጠለቀ፣ ማዳበሪያው በበዛ ቁጥር ይሻላል።»

ይህ ብዙ ዛፍ ገድሏል። ጉድጓዱ ሥሩ ካለበት አፈር ስፋት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይስፋ እንጂ ከከፍታው አይጥለቅ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት፤ ከተቀበረ ዛፉ ቀስ በቀስ ይታፈናል። በአካባቢው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ጉድጓዱን በኮምፖስት ብቻ መሙላትም ውሃ የሚያቁር ገንቦ መሥራት ነው። የወጣውን አፈር መልሱት።

«ብርድ ስለሆነ ውሃ አያስፈልገውም።»

ያስፈልገዋል። መሬቱ በውርጭ እስኪጠጥር ድረስ፣ ዝናብ በጠፋበት ሳምንት ሁሉ ይጠጣ።

«ሣሩ እስከ ግንዱ ድረስ ቢሞላ ያምራል።»

ያምር ይሆናል፤ ግን ሣር የችግኙን ውሃ ይሻማል። ዙሪያውን 1 ሜትር ያህል ከሣር ነፃ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ያን ጊዜ የሣር ማጨጃውም ግንዱ ድረስ አይደርስም። ማጨጃው ልጡን ዙሪያውን ከላጠው ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል።