ትልቅ ፋይል በቻት ሲላክ ኪሳራው የማን ነው?

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ የምትገኘው ሐርላ በመካከለኛው ዘመን የየመንና የቻይና ዕቃ የሚደርስባት የንግድ ከተማ ነበረች፡፡ የዛሬው የድሬዳዋ ነጋዴ ከሸቀጡ በፊት የሚጠብቀው ፋይል ነው፤ የቤት ቪዲዮ፣ የማሽን ንድፍ፣ የጉምሩክ ሰነድ፡፡ ብዙው በቻት ይላካል፡፡

ችግሩ ቻት በመጀመሪያ የተሠራው ለወሬ መሆኑ ነው፡፡ በ1988 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ለተጀመረው አይ.አር.ሲ. ፋይል መላኪያው ዲ.ሲ.ሲ. የታከለለት ኋላ ነው፡፡ በዲ.ሲ.ሲ. ፋይሉ ከላኪው ኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፡፡ አንዳቸው ከመስመር ከወጡ ሥራው ይቆማል፡፡ የደረሰው መጠን የሚገለጽበት ቁጥር 32 ቢት በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቆጥርም፡፡ የመነሻው ዘዴ ከተቋረጠበት መቀጠልም ሆነ ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን ማረጋገጥ አይችልም ነበር፡፡

ቴሌግራም ፋይሉን በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ ላኪው ስልኩን ቢዘጋም ይወርዳል፡፡ ሆኖም ጣሪያ አለው፤ በነፃ 2 ጊጋባይት፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚከፍል ደንበኛ 4 ጊጋባይት፡፡

ሂሳቡን እንየው፡፡ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስገባ መስመር 2 ጊጋባይት ለማውረድ 67 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፡፡ በ60ኛው ደቂቃ ተቋርጦ ከዜሮ ከተጀመረ 1.8 ጊጋባይት የተከፈለበት ጥቅል ባከነ ማለት ነው፡፡ ኪሳራው የተቀባዩ ነው፤ ገዢው ጠብቆ ከሄደ ደግሞ የደላላውም ጭምር፡፡

መላው ግመል ነጂ ጭነቱን እንደሚያከፋፍለው ፋይሉን ከፋፍሎ መላክ፣ አለያም ከተቋረጠበት የሚቀጥል ማውረጃ መጠቀም ነው፡፡ ከዚያ ለሚበልጠው በአውቶቡስ የተላከ ፍላሽ ሊረክስ ይችላል፡፡