የሕፃናት ማቆያ የክትባት መዝገብ እንዴት ይያዝ?

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ጎንደር አራዳ ላይ ማቆያ ለምታስተዳድሩ፣ የግልም ቢሆን፣ እንደ ጤና ባለሙያ ስለ ክትባት መዝገብ የምመክራችሁ ይህን ነው፦

1. ልጁ ሲመዘገብ የክትባት ካርዱን አይታችሁ ቅጂ አስቀሩ። ዋናው ለእናቱ ይመለስ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ያስፈልጋታል።

2. ስሙን ካርዱ ላይ እንዳለው ጻፉ። ቤት የሚጠራበት ከተለየ አጠገቡ ይመዝገብ።

3. ቀጠሮዎቹን አመሳክሩ፦ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር። የ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት እንዳይዘነጋ።

4. ቀጠሮ ያለፈውን ልጅ አትመልሱት፤ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ ምሯት። ክትባቱ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

5. መዝገቡን በየወሩ ከልሱ፤ ቀጠሮ የደረሰባቸውን ወላጆች አስታውሱ።

ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል። 9 ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች የኩፍኝ ክትባት ገና አልወሰዱም፤ የሚጠብቃቸው የታላላቆቻቸው መከተብ ነው። በሽታው ቢገባ ማን እንዳልተከተበ ወዲያው የሚነግራችሁ መዝገባችሁ ነው። ማቆያ ለሚያስተዳድሩ የምታውቋቸው ሰዎች አጋሩልኝ።