የንጉሥ ጥላና የመድረክ ሰዎች

በወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ፥ በግራና ሠርግ ቤት ተቀምጣችሁ የምታውቁ እንደ ሆነ፥ አዝማሪ ወደ ዳሱ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ታስታውሳላችሁ። የሚጠይቀው ስለ መብልና ስለ መጠጥ አይደለም፤ የጋባዡን ስም ነው። ማሲንቆው የሚናገረው ከዚያ ወዲያ ነው። በቀድሞ ዘመንም አዝማሪ ከአንድ መኰንን ቤት ተጠግቶ፥ ጌታው በዘመተበት እየዘመተ፥ ግብር ባበላበት እየተጫወተ ይኖር ነበር። የጌታውን ስም የሚጠራ በር ይከፈትለታል፤ ጌታ የሌለው ግን እንደ ለማኝ ይታያል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር፥ በእነርሱ አቈጣጠር በ1572 በወጣው ሕግ፥ ከታላቅ ሰው ያልተጠጋ የቴአትር ተጫዋች እንደ ወሮበላ ይቀጣ ነበር። በ1603 ቀዳማዊ ጄምስ በነገሠ ጊዜ ሼክስፒር የነበረበት ጓድ በንጉሡ ደብዳቤ «የንጉሥ ሰዎች» ተባለ። ተጫዋቾቹ በእልፍኝ አሽከርነት ተጻፉ፤ በ1604 ንጉሡ በክብር ወደ ለንደን ሲገቡም ለእያንዳንዳቸው 4 ተኩል ያርድ ቀይ ጨርቅ ተሰጣቸው። (የደንብ ልብስ ጨርቅ ከግምጃ ቤት ተቀብሎ የፈረመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።) ወረርሽኝ ቴአትር ቤቱን በዘጋ ጊዜም ከቤተ መንግሥት 30 ፓውንድ ተረዱ። ይሁን እንጂ የዘወትር እንጀራቸው ግሎብ በሚባለው ቤት ሕዝብ ከሚከፍለው ሳንቲም ይመጣ ነበር። የንጉሡ ስም ከሁሉ አስቀድሞ ጋሻ ነበር፤ የለንደን ከተማ ሹማምንት ቴአትርን አይወዱም ነበርና።

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ይህን የመሰለ ጋሻ አልነበረውም። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ፥ በቴራስ ሆቴል አሳዩ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የሚነኩት ግን የሹማምንቱን አሠራር ነበር። ነገሩ ለማን እንደ ተነገረ መኳንንቱ ለመረዳት አልዘገዩም። ንግሥት ዘውዲቱም ከለከሉት።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። በለንደንም በ1624 የንጉሥ ሰዎች ሚድልተን የጻፈውን የሰንጠረዥ ጨዋታ የሚመስል ቴአትር አሳዩ። በነጭና በጥቁር የሰንጠረዥ ሰዎች ተመስለው የቀረቡት የእንግሊዝና የእስፓንያ ታላላቆች ነበሩ። ለ9 ቀን ቤቱ በሰው ተጨናነቀ፤ የእስፓንያ አምባሳደር አቤት ባሉ ጊዜ ግን ንጉሡ የገዛ ሰዎቻቸውን መድረክ ዘጉ። አንዱ በአውሬ፥ ሁለተኛው በሰንጠረዥ ተሸፈነ፤ ሽፋኑ ሁለቱንም አላዳናቸውም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የንጉሥ ሰዎች ያን ድርሰት ትተው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በእኛ አገር ግን አንድ ድርሰት ብቻ ሳይሆን የቴአትር ሥራ ራሱ ለዓመታት ተቀዛቀዘ። ደራሲው ራሳቸው ኋላ በጅሮንድ ተብለው የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸው በጣም የሚያስገርም ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ድርሰታቸውን አሳዩ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦርነት ሲቃረብ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅርን ማኅበር አቋቋሙ። የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ቤት ተሠርቶ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ።

የምረቃው ድርሰት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ናቸው። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ታውቁታላችሁ፤ የወታደሩን ሚስት የወሰደና ወታደሩን ወደ ሞት የላከ ንጉሥ ታሪክ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራ ቤት ስለ ንጉሥ ኃጢአት በሚናገር ቴአትር ተከፈተ ማለት ነው! እኔ እንደሚመስለኝ፥ ይህ የተቻለው ታሪኩ ከቅዱስ መጽሐፍ ስለ ተወሰደና የጻፈውም እጅ ከዙፋኑ አጠገብ ስለ ነበረ ነው። በፋቡላ የተናገሩት አውሬዎች ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

በዚህ ቤት የነበሩ ተዋንያን እንደ እናንተው በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ አንድ ያልታሰበ ነገር ደረሰ። በእንግሊዝ በ1642 ንጉሡና ፓርላማው ሲዋጉ ፓርላማው ቴአትሮችን ዘጋ፤ የንጉሥ ሰዎችም ተበተኑ። በእኛ ዘንድ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ቴአትሩ አልተዘጋም። መዝገብ፥ በጀትና ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሆኖ ነበርና ስሙ ብቻ ተለውጦ «ብሔራዊ ቴአትር» ተባለ። እርግጥ ነው፥ ድርሰቱን አስቀድሞ የሚመረምረውም ሰው በወንበሩ ቀረ፤ አለቃው ብቻ ተለወጠ።

የንጉሥ ሰዎች እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1604 በኋይትሆል ቤተ መንግሥት በንጉሡ ፊት ያሳዩት ድርሰት «ኦቴሎ» ነበር። ይኸው ድርሰት ከ350 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶት፥ ኢጣልያኖች ለሲኒማ በጀመሩት በዚያው ቤት ታየ።