ከጸሎት በኋላ የሚነበበው ማስታወቂያ
ስለ ኬንያ ኩዌከሮች ጉባኤና ስለ ሰላም ዕለታዊ ሥራ

በምዕራብ ኬንያ፣ ከኪሱሙ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ካይሞሲ የምትባል ቦታ አለች። እሑድ ረፋድ ላይ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ከጸሎት ቤቱ የሚወጣውን መዝሙር ከሩቁ ይሰማል። መዝሙሩ ካበቃና ስብከቱ ከተፈጸመ በኋላ ግን ሕዝቡ ወዲያው አይበተንም። ከመካከሉ አንዱ ወረቀት ይዞ ይነሣና የሚመጣውን ሳምንት ጉዳይ ያነብባል።

በእንዲህ ያለው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ነገር ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። የሴቶች ማኅበር የሚሰበሰብበት ቀን፣ የወጣቶች የመዝሙር ልምምድ፣ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ማደሻ የሚዋጣ ገንዘብ፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት ሰዓት፣ በመጨረሻም ወርኃዊው ጉባኤ የሚቀመጥበት ዕለት ይገለጻል። ገንዘብ የሚዋጣበትን ስብሰባ ኬንያውያን ሃራምቤ ይሉታል፤ ትርጉሙም ተባብረን እንሳብ እንደ ማለት ነው። ሰንበቴና ዕድር ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም።

እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ተራ የሚመስል ማስታወቂያ ነው። አገር መጠበቅን ሙያው ያደረገ ወታደር ስለ እነዚህ ሰዎች ብዕር ማንሣቱ አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርም አይቀርም። ኩዌከሮች በእምነታቸው የጦር መሣሪያ አንታጠቅም የሚሉ ናቸውና። በወታደሩና በእነርሱ መካከል ያለው የሐሳብ ልዩነት ግልጽ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ የሚፈታም አይደለም። ነገር ግን ተኩስ ከቆመ በኋላ ጎረቤትን ከጎረቤት ማን ያስታርቀዋል የሚለው ጥያቄ ወታደሩንም ሲቪሉንም እኩል የሚመለከት በመሆኑ፣ የእነዚህን ሰዎች አሠራር መመርመሩ ይጠቅማል እንላለን።

መሰብሰብ ወንጀል በነበረበት ዘመን

ኩዌከሮች ራሳቸውን የሚጠሩት የወዳጆች የሃይማኖት ማኅበር ብለው ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ ዋነኛው ጆርጅ ፎክስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩዌከር የሚለው ቃል ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። በ1650 ዓ.ም. ፎክስ ለፍርድ በቀረበበት ጊዜ ዳኛው ለፌዝ የሰጡት ስም እንደ ሆነ ፎክስ ራሱ ጽፏል። ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ፤ የተሰደቡበትም ሰዎች ሳያፍሩ ይጠሩበታል።

የእነርሱ ዋና ትምህርት በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ የሚል ነው። ከዚህ የተነሣ በሰውና በሰው መካከል ማዕረግ አያበጁም፤ ሰውንም በጦር መግደል ያን ብርሃን ማጥፋት ነው ብለው ያምናሉ። በጥር 1661 ዓ.ም. ለንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ባቀረቡት መግለጫ በማናቸውም ምክንያት ጦር እንደማያነሡ በይፋ አስታወቁ። የቀድሞዎቹ ኩዌከሮች የቀናትን የአረማውያን ስም ላለመጥራት ሲሉ እሑድን አንደኛ ቀን፣ ሰኞን ሁለተኛ ቀን ይሉ ነበር። ይህ ለእንግሊዞች ጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ እሑድ የሚለው የእኛው ቃል ከጥንት ጀምሮ አንደኛ ማለት በመሆኑ ለእኛ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም።

በ1664 ዓ.ም. የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ከቤተሰብ ውጪ ከ5 ሰዎች በላይ ሆኖ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጪ ለአምልኮ መሰብሰብን ከለከለ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሚመጣው ስብሰባ በዚህ ቀን ይሆናል ብሎ መናገር ራሱ ወደ ወኅኒ የሚያስወርድ ነበር። ሌሎች በስውር ሲሰበሰቡ ኩዌከሮች ግን በራቸውን ከፍተው በግልጽ ተቀመጡ፤ ብዙ ሺህዎችም ታሰሩ። በ1682 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ አዋቂዎቹ ሁሉ በታሰሩ ጊዜ ስብሰባው እንዳይቋረጥ ቦታውን የያዙት ሕፃናት ነበሩ። አንድ ማኅበር ጸንቶ የሚቆየው በመሪዎቹ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ድምፅ የማይቈጠርበት ጉባኤ

በእንግሊዝና በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍሎች የሚኖሩት ኩዌከሮች የሚያመልኩት በዝምታ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሰባኪም መዝሙርም ሳይኖር ተቀምጠው፣ መንፈስ ያነሣሣው ብቻ ተነሥቶ ጥቂት ይናገራል። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ጸሎቱ ያበቃል፤ ማስታወቂያውና ሻዩ ከዚያ ይከተላል። በኬንያ ግን የአምልኮው ሥርዓት ሌላ ነው፤ መዝሙርም ስብከትም ፓስተርም አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዋነኛ ነገር ስለ ጉዳያቸው የሚመክሩበት መንገድ ነው።

ጉባኤያቸው ደረጃ አለው። የአንድ አካባቢ ሰዎች በየወሩ፣ የብዙ አካባቢ ሰዎች በየሩብ ዓመቱ፣ የአንድ አገር ወይም የአንድ ክፍል ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። በጉባኤው ላይ እጅ አይወጣም፤ ድምፅም አይቈጠርም። ጸሐፊ የሚባለው ሰው የሁሉንም ንግግር ካደመጠ በኋላ ጉባኤው የደረሰበትን ሐሳብ እዚያው ጽፎ ያነብባል። ሁሉም ከተቀበለው ቃለ ጉባኤው ይጸድቃል። ከልብ የማይስማማ ካለ ጉዳዩ ለሚመጣው ወር ይተላለፋል። አሸናፊና ተሸናፊ ሆኖ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር የተደረገ ሥርዓት ነው።

ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች በፍጥነት በሚወርድበት በሠራዊት ሕይወት ውስጥ ላለፍነው ለእኛ ይህ አሠራር እጅግ የዘገየ ሆኖ ይታየናል። መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል። በ1688 ዓ.ም. በአሜሪካ ጀርመንታውን በተባለ ስፍራ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ሰውን በባርነት መያዝ ኃጢአት ነው የሚል አቤቱታ ለወርኃዊው ጉባኤ አቀረቡ። ወርኃዊው ጉባኤ ጉዳዩ ከባድ ነው ብሎ ለሩብ ዓመቱ፣ የሩብ ዓመቱም ለዓመታዊው አስተላለፈው፤ ዓመታዊውም ሳይወስን አቆየው። የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ አባሎቹ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 88 ዓመት አለፈ፤ በእነዚያ 88 ዓመታት ውስጥ በባርነት ተወልደው በባርነት የሞቱትን ሰዎች ማሰብ ይገባል። ይህም ሆኖ አገሪቱ ባርነትን በሕግ ያስወገደችው ገና በ1865 ዓ.ም. ስለ ሆነ ኩዌከሮች ከመንግሥታቸው በ89 ዓመት ቀድመዋል። ደግሞም አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ውሳኔው የሁሉም ሆነ።

ካይሞሲና የ2008 ፈተና

የባቡር ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ ኪሱሙ የደረሰው በ1901 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1902፣ ሦስት አሜሪካውያን ኩዌከሮች በዚሁ መንገድ መጥተው በካይሞሲ ሰፈሩ። ስማቸው ዊሊስ ሆችኪስ፣ አርተር ቺልሰንና ኤድጋር ሆል ይባላል። ከስብከቱ ጎን ለጎን የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና ሥራ ተጀመረ። ሥራው በሉህያ ሕዝብ ዘንድ ሥር ሰደደ፤ በ1946 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ዓመታዊ ጉባኤ ተቋቋመ። ዛሬ በኬንያ የሚኖሩት ኩዌከሮች ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ በዓለም ላይ ይህን ያህል ኩዌከር ያለበት ሌላ አገር የለም።

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በኬንያ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ የተነሣው ብጥብጥ በብዙዎች ዘንድ አይረሳም። ከ1,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ መቶ ሺህዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ኩዌከሮች በብዛት የሚኖሩበት ምዕራብ ኬንያም ከእሳቱ አላመለጠም። በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች በወገን ተለያይተው ተሳደዱ፤ ቤት ተቃጠለ፤ የትናንት ጎረቤት ጠላት ተባለ።

በዚህ ጊዜ እሑድ እሑድ የሚነበበው ማስታወቂያ ሌላ ትርጉም አገኘ። ብርድ ልብስ የሚሰበሰብበት፣ እህል የሚዋጣበት፣ የተፈናቀሉ የሚጠየቁበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ሰፈረ። የሚያስተባብሩት ሰዎች፣ የሚሰበሰቡበት ቤት፣ የሚተዋወቁበት ልማድ ከዚያ በፊት ስለነበረ አዲስ ድርጅት እስኪቋቋም መጠበቅ አላስፈለገም። በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ብጥብጡ ገና ሳይበርድ፣ የኬንያ ኩዌከሮች በካካሜጋ ከተማ የሰላም ጉባኤ አደረጉ። ከዚያም የሰላም ጓዶች ተቋቁመው እንደ ቱርቦና ሉጋሪ ባሉ ስፍራዎች ተፈናቃዮችን ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር የማገናኘት ሥራ ጀመሩ።

የተጠቀሙበት አንዱ ዘዴ በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ወኅኒ ቤት ውስጥ ከእስረኞች ጋር በመተባበር የተጀመረ ትምህርት ነው። ሃያ ያህል ሰዎች ለሦስት ቀን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰባኪ የለም፤ እያንዳንዱ በደረሰበትና በሠራው ነገር ላይ በየተራ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ያደምጣል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰውና የአቃጣዮቹ ወገን በአንድ ክብ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህን ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ካለ በዚያ ወንበር ላይ ራሱን አስቀምጦ ይመልከተው። ዕርቁም በአንድ ጊዜ አይፈጸምም፤ በሚመጣው ወር ደግሞ መሰብሰብ፣ ማስታወቂያውንም እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከብዙ አገሮች የመጡ ኩዌከሮች የዓለም ጉባኤያቸውን በናኩሩ አጠገብ በሚገኘው የካባራክ ዩኒቨርሲቲ አካሄዱ። ናኩሩና አካባቢዋ ከአራት ዓመት በፊት ደም ከፈሰሰባቸው ስፍራዎች መካከል ናቸው።

ለወታደሩና ለከተማው ነዋሪ

መሣሪያ አለመያዝ ከአደጋ ለመሸሽ ነው የሚል ሐሜት በኩዌከሮች ላይ ተደጋግሞ ተነግሯል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የወዳጆች የአምቡላንስ ጓድ የሚባለው ክፍል አባሎች ጠመንጃ ሳይዙ ቁስለኛ ሲያነሡ ከግንባሩ ሳይለዩ ሠርተዋል፤ በሥራ ላይ እንዳሉ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጣልያን ጦር ከአገራችን ከተባረረ በኋላ፣ የዚሁ ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የተጎዳው የሕክምና አገልግሎት እንደገና እንዲቆም ረድተዋል። በ1947 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅቶች ሲሰጥ፣ የተሸለሙት ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ ስለ መገቡና ስላከሙ ነበር።

ወታደር በሰላም ጊዜ የሚለማመደው በጦርነት ጊዜ መለማመጃ ጊዜ ስለማይኖር ነው። ከካይሞሲ ማስታወቂያ የምናየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የታመመን መጠየቅ፣ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ማዋጣት፣ የማይስማማውን ሰው ሐሳብ ሳያቋርጡ መስማት በደህና ቀን ሲታዩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን ሰው የሚይዘው ከዚያ በፊት የለመደውን ነው። በደህና ቀን ተሰብስቦ የማያውቅ ሰፈር በክፉ ቀን ማን ምን እንደጎደለው እንኳ አያውቅም።

ጦር ተኩስ ሊያስቆም ይችላል። በማግሥቱ ግን ሁለት ሰዎች በገበያ ላይ ተገናኝተው ሰላምታ እንዲለዋወጡ ማዘዝ አይችልም፤ ይህን ከእኛ ከወታደሮቹ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ያ ሥራ የሰፈሩ ነዋሪ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ የዕድሩ ዳኛና የሽማግሌው ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚመጣ የስብሰባ ጥሪ ያገኘ አንባቢ፣ የጥሪው ምክንያት የቱንም ያህል ትንሽ ቢመስለው፣ ከመቅረቱ በፊት የካይሞሲን ወረቀት ያስታውስ ዘንድ አደራ እንላለን።