የተወለወለ ጠረጴዛ ለምን ቶሎ አቧራ ይለብሳል?

ካይሮ ውስጥ በቤት ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ማዳምም «ዛሬ አልወለወልሽም እንዴ?» ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን በቤቱ ያለው ጨርቅ ነው።

ካይሮ የበረሃ ጎረቤት ናት። ከማርች እስከ ሜይ ኸምሲን የተባለው ነፋስ (በዐረብኛ «ሃምሳ» ማለት ነው) አሸዋና አቧራ ያመጣል። ከአንሶላ፣ ከፎጣና ከልብስ የሚረግፈው ቃጫም ይጨመርበታል።

የአቧራ ቅንጣት ሁሉ እኩል አይወርድም። 10 ማይክሮን ስፋት ያለው (የሚሊሜትር መቶኛ ማለት ነው) አየሩ ከተረጋጋ በጥቂት ደቂቃ ወለል ላይ ያርፋል። የ1 ማይክሮኑ ግን ብዙ ሰዓት በአየር ላይ ይቆያል። ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባውም እንዲህ ያለው ደቃቅ ብናኝ ነው።

ምንጣፍ፣ ሶፋና መጋረጃ አቧራውን በቃጫቸው መካከል ይይዛሉ። ሰው ሲራመድባቸው፣ ሲቀመጥባቸው ወይም መጋረጃው ሲሳብ መልሰው ይለቁታል። ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ በደረቅ አየር ሲታሹ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥሩ አቧራ ይስባሉ።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦

1. በቅድሚያ ጨርቁን ጨርሱ፤ መጋረጃውን፣ አልጋውን፣ ሶፋውንና ምንጣፉን። ኸምሲን በሚነፍስበት ቀን መስኮት ዝጉ።

2. ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍሉን ትታችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ። ከባዱ አቧራ በዚህ ጊዜ ያርፋል።

3. ከዚያ በኋላ በውኃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ወልውሉ፤ ወለሉን በመጨረሻ። ደረቅ ጨርቅና የላባ መጥረጊያ አቧራውን መልሰው ያስነሱታል።

4. ጨርቁ የሚችል ከሆነ አንሶላና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ እጠቡ። በአቧራ ውስጥ የሚኖሩትን፣ አስም የሚቀሰቅሱትን ጥቃቅን ተባዮች ይገድላል።

ምንጣፍ በረንዳ ላይ ስትመቱ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። ምንጣፉ ቢከብድም ከበረንዳው ብረት አልፋችሁ ወደ ውጭ አትንጠልጠሉ። በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽ ትልልቁን አቧራ እንጂ ደቃቁን አያግድም፤ ለደቃቁ ከፊት ጋር በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። አስም ወይም የማይለቅ ሳል ያለባችሁ ሁኔታውን ለአሠሪያችሁ አስረዱ፤ ማስክም እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። ቤቱ የሚጸዳው ሳንባችሁ እየተጎዳ መሆን የለበትም።