«ሰው ይጠብቃሉ?»

«ለስንት ሰው ነው?» አለኝ አስተናጋጁ።

«ለአንድ።»

«ሰው ይጠብቃሉ?»

«አልጠብቅም።»

እንደገና አየኝ። ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ፀጉሬ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ አየ። መኪና አቁሞ የሚመጣ ወንድ ያለኝ መስሎት ይሆናል። (የሚመጣ የለም ወንድሜ!) በመጨረሻ መራኝና ወስዶ የት አስቀመጠኝ መሰላችሁ? መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ! አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። መስኮት ዳር ሦስት ጠረጴዛ ይታየኛል። እኔ ግን የተሰጠኝ እጁን እየታጠበ የሚወጣው ሁሉ የሚረግጠኝ ቦታ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ኬክ ቤት ብቻዋን ማኪያቶ የምትጠጣ ሴት ስታዩ ምንም አይመስላችሁም አይደል? ያቺው ሴት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ወይን ብታዝስ? በሆዳችሁ የምትሉትን አውቀዋለሁ። አንድም «ቀጥሯት ቀርቶባት ነው» ትላላችሁ፣ አለበለዚያ «ሥራ ላይ ናት» ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ስል ነው የኖርኩት።

ተረቱስ ቢሆን! «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። መሶቡ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ሰው ይፈልጋል። ጉርሻን ሰው ለራሱ አይሰጥም። ቡና እንኳን ጎረቤት ካልተጠራ ቡና አይባልም። ታዲያ ምን ነካሽ ትሉኝ ይሆናል።

የነካችኝ እናቴ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደሴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ሳልነግራት ድንገት ሄድኩባት። በጓሮ በኩል ስገባ ማድቤት ውስጥ ቆማለች። ቆማ ነው የምትበላው። እንጀራውን በግራ እጇ ይዛ ከድስቱ ጠርዝ እያጠቀሰች። ሃያ ሰው ቢመጣ ሳትደናገጥ የምታስተናግደው እናቴ!

«እማዬ፣ ምነው ቁጭ ብለሽ አትበይም?»

«ለአንድ ሰው ማን መሶብ ያወጣል?» አለችኝ። ወዲያው ግን ሮጣ መሶቡን አወጣችው። ለእኔ ነዋ!

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ማታ ራሴን ያዝኩት። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ መጥበሻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፍርፍር እየበላሁ ነው። በሌላው እጄ ስልክ። ምን እንደቀመስኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ገና 28 ዓመቴ ነው፤ የእናቴን አበላል ከወዲሁ ለምጄዋለሁ።

እናም የሦስት ጽሑፍ ክፍያዬን ቋጥሬ ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ «ደህና» ምግብ ቤት ገባሁ። ማክሰኞ ነበር። (ረቡዕና ዓርብ ፆም ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ጥንዶቹ ቦታውን ይሞሉታል።)

ወደ ወንበሬ እንመለስ። መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ልቤ ይመታል። መቼም እኛ ሴቶች «ይቅርታ» ማለት ይቀናናል። ያን ዕለት ግን ተነሳሁና «መስኮት ዳር እፈልጋለሁ» አልኩ። «የተያዘ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዝም ብዬ አየሁት። ያዛወረኝ ያንጊዜ ነው።

መስኮት ዳር እንደተቀመጥኩ የሁለተኛውን ሰው ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። ሹካ፣ ቢላ፣ ብርጭቆ… የሚያሰማው ድምፅ! ምግብ ቤቱ ሁሉ የዞረብኝ መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሲኦል ናቸው። እጅ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል። ስልኬን አወጣሁ፣ ከዚያ አፈርኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስልክ ላይ ተደፍቼ ከበላሁማ ከአልጋዬ ጠርዝ በምን ተለየ?

ያዳነኝ አንድ ፀጉሩ የሸበተ አስተናጋጅ ነው። «የሚጠጣስ?» ሲለኝ «ጉደር በኮካ» ልል ምንም አልቀረኝም። (አትሳቁ! ስንቶቻችሁ ናችሁ ቀዩን ወይን በለስላሳ በርዛችሁ የምትጠጡት?)

«ጋሼ» አልኩት፣ «እውነቱን ልንገርዎት፣ ስለ ወይን የማውቀው ነገር የለም። ከየምግቡ ጋር የሚሄደውን በትንሽ በትንሹ ቢሰጡኝስ?»

ፊቱ በራ። «እንግዲያው እኔ ልምረጥልሽ ልጄ» አለኝ። ከ«እርስዎ» ወደ «ልጄ» ወረድን፣ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ የወይን ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አንዱ ባለ 750 ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል ማለት ነው። ከየምግቡ ጋር ስትጠጡ ግን ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል። ሦስት ምግብ፣ ሦስት ግማሽ፤ ሲደመር ብርጭቆ ተኩል። ራስ አያዞርም፣ ኪስም ቢሆን ከጠርሙስ ይሻላል።

መጀመሪያ በሎሚና በቅቤ የተሠራ የዓሣ ፊሌቶ መጣ። አብሮት የዝዋይ ሻርዶኔ፣ ነጭ፣ የቀዘቀዘ። ዝዋይ (ባቱ) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ ወይን ተክሎ የመጀመሪያ ምርቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ለገበያ አውጥቷል፤ «ሪፍት ቫሊ» የሚለውን ጠርሙስ አይታችሁት ይሆናል። ቅቤው አፌን ሸፈነው፣ ወይኑ ኮምጠጥ ስለሚል ጠረገው፣ ለሚቀጥለው ጉርሻ አፌ አዲስ ሆነ። ሎሚ ዓሣ ላይ የምንጨምቀው ለምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው የበሬ ሥጋ፣ ወፈር ብሎ የተቆረጠ፣ መሐሉ ቀላ ያለ። ወይኑ ሲራ የሚሉት ጥቁር ቀይ። ጋሼ ወይኑን ብቻውን አስቀደመኝ። ምላሴ ድርቅ አለ! ብዙ የፈላ ሻይ ስትጠጡ ምላስና ድድ ጭምድድ ይል የለ? ልክ እንደዚያ።

«አሁን ከሥጋው ቁረሺና ድገሚው።»

ቆረስኩ። ደገምኩት። ወይ ጉድ! ወይኑ ሌላ ሆነ። ያ መኮማተር የት ሄደ? ታኒን ይባላል አለኝ፤ ከወይን ፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚወጣ ነው፣ ሻይ ቅጠል ውስጥም አለ። ብቻውን ሲጠጣ ምራቃችን ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይይዛል፣ አፍ የሚደርቀው ለዚያ ነው። ሥጋ ሲገኝ ግን የሥጋው ፕሮቲንና ስቡ ስለሚቀበሉት ለምላስ ይለዝባል።

ያንጊዜ ነው የደነገጥኩት። በምግቡ አይደለም። «ቅመሺውማ!» ልል ፊቴን ቀና ሳደርግ ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጓደኞቼ «ብቻ መብላት ነፃነት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ነፃነትስ ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚነገረው ሰው ማጣት ያሳምማል፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፦ የምናገረው ሰው ስለሌለ አላወራሁም፣ ስላላወራሁ ሥጋው አፌ ውስጥ ቆየ፣ ስለቆየ ጣዕሙን እስከ መጨረሻው ተከተልኩት። ከጓደኛ ጋር ቢሆን በሁለተኛው ጉርሻ ስለ ሰው ባል ማውራት ጀምረን ነበር።

«ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ ቢሆንስ?» ስለው ሳቀ። አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሰዋል፣ ደረቅና ኃይለኛ ቀይ ደግሞ ይባስ ያደርገዋል አለኝ። ለቅመም ጣፈጥ ያለና የቀዘቀዘ ነው የሚሻለው። ታዲያ አያቶቻችን ዶሮውን በጠጅ ያወራረዱት የነበረው ለካ አውቀው ነው!

እዚህ ላይ አንድ ሰውዬ ገባልኝ። ሦስት ሆነው ከተቀመጡበት ጠረጴዛ አንድ ውስኪ ላከልኝ። «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ተቀላቀይን» ከሚል መልእክት ጋር። ሳልቆጣ፣ ሳልስቅ፣ «እራት እየበላሁ ነው በልልኝ» ብዬ ብርጭቆውን እንዳለ መለስኩ። እህቶቼ፣ ፈገግታ አትጨምሩበት፣ ማብራሪያም አትስጡ። ያልታዘዘ መጠጥ አይቀመስም። ወደ መጸዳጃ ስትሄዱም ብርጭቆውን ጨርሱት ወይ አስነሱት።

መጨረሻ ላይ ክሬም ካራሜል መጣ፣ ከጣፋጩ አክሱሚት ጋር። ወይን ዐዋቂ ነን ባዮች አክሱሚትን ሲንቁት እሰማለሁ። ከጣፋጭ ነገር ጋር ግን ወይኑ ቢያንስ ያንኑ ያህል ካልጣፈጠ ይኮመጥጣል። አክሱሚት እዚህ ቦታውን አገኘ። እኔ ግን አልጨረስኩትም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ለእኔ ስኳር በዛብኝ።

ሒሳብ ሲመጣ እንዳትደነግጡ። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስም ያስባሉ። ሳታዙ ጠይቁ፤ ጠይቆ ማዘዝ አያሳፍርም። ታክሲውን ውስጥ ሆናችሁ ጥሩና በሩ ድረስ ሲመጣ ውጡ።

ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ጋሼን ደህና አድርጌ አጎረስኩት። በእኛ ቋንቋ ይኼም ያኛውም ጉርሻ ነው።

በማግሥቱ ደሴ ደወልኩ።

«ትናንት ትልቅ ምግብ ቤት እራት በላሁ እማዬ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ብቻሽን? ተቀምጠሽ?»

«ተቀምጬ። መስኮት ዳር።»

«ምን አበሉሽ?» አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ዓሣውን፣ ሥጋውን፣ ጭምድድ ያደረገኝን ወይን፣ ጣፋጩን። መሐል ላይ አላቋረጠችኝም፤ እናቴን ለሚያውቅ ይኼ ተአምር ነው።

«ስትመጪ ያን ጣፋጩን አንድ ጠርሙስ ያዢልኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ብርጭቆ እንኳን ሁለት አለኝ።»