ከመርዛም ቅጠል የተገኘ የስኳር በሽታ መድኃኒት

የስኳር በሽታ ለያዘው ሰው ይህን ቅጠል ጠጣ፤ ያንን ሥር ቀቅል የሚለው መካሪ ብዙ ነው። ምክሩን ሁሉ መናቅም ሆነ ሁሉን ማመን ከእውነት ያርቃል። ነገሩን ለመመርመር የሚወድ አንባቢ ጋሌጋ የሚባለውን የአውሮፓ ተክል ታሪክ ቢመለከት ይጠቀማል።

ጋሌጋ ከባቄላና ከአተር ወገን ሆኖ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። እንግሊዞች «የፍየል ጤና አዳም» ይሉታል፤ ነገር ግን በጓሯችን ከሚበቅለው ጤና አዳም ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። የአውሮፓ ባለመድኃኒቶች ከጥንት ጀምሮ ለልዩ ልዩ ሕመም ይሰጡት ነበር። ሆኖም በጎች አብዝተው ቢበሉት ይገድላቸዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ሊቃውንት በተክሉ ውስጥ የሚገኘውን ጋሌጂን የተባለ ንጥረ ነገር በበሽተኞች ላይ ፈተኑት። የደምን ስኳር ቢያወርድም መርዝነቱ ስለ በረታ ተዉት። በ1922 ዓ.ም. ወርነርና ቤል የተባሉ የኬሚ ሊቃውንት በደብሊን ከተማ የጋሌጂንን ዘመድ፤ ዛሬ ሜትፎርሚን የሚባለውን፤ ሠርተው ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ኢንሱሊን ተገኝቶ የሁሉም ዓይን ወደዚያ ስለ ዞረ ብዙ ዘመን ሳይታሰብ ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ዣን ስተርን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ለበሽተኞች ሰጥቶ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። አሜሪካም በ1994 ዓ.ም. ፈቀደችው። ዋና ሥራው ጉበት ከመጠን ያለፈ ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ መከልከል ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አዘውትረው ያዙታል፤ ኵላሊቱ የደከመ ሰው ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊወስደው አይገባም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት ያለፈው የሚያድነውን ከሚገድለው ለመለየትና መጠኑን ለማወቅ ነው። በቤት በተቀቀለ ቅጠል ውስጥ ግን ምን ያህሉ መድኃኒት፤ ምን ያህሉ መርዝ እንደ ሆነ የሚመዝን የለም። በተለይም ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው በቅጠል ተማምኖ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል።

በየቤታችን የሚገኘው አብሽም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያመለክቱ ምርመራዎች አሉ። ስለዚህም ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ሲደመር ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላልና፤ ላብ፤ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረኃብ የተሰማው ሰው ፈጥኖ ጣፋጭ ነገር ይቅመስ። አብሽ አዘውትሮ የሚጠጣ በሽተኛም ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።